ቲቢ ነው ወይስ ሻጋታ?

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር በቆሎ ሲፈለፈል የሚነሣው አቧራ ብቻውን አይቦንም፤ እርጥበት የነካው እህል ካለበት ሻጋታም አብሮት አለ። አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ዘሩ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ቢሆን ነው፣ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ይተነፍሰዋል፤ ሰውነቱ ያጠፋዋል።

ኬሞ ላይ ያለ፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ፣ ወይም በከባድ ኢንፍሉዌንዛና በኮቪድ ተይዞ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ሰው ግን ይህ አቅም ይከዳዋል። ሻጋታው ያኔ ሳንባውን ሰርስሮ ወደ ደም ሥር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. 19 አሳሳቢ ፈንገሶችን ሲዘረዝር አስፐርጊለስ ፉሚጋተስን ከመጀመሪያዎቹ አራት መድቦታል።

ታዲያ ከቲቢ በምን ይለያል? ሳል፣ ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ በራጅ የሚታይ ጥላ፤ ሁሉም የቲቢም ምልክት ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ቲቢን ማሰቡ ተገቢ ነው፣ በአገራችን በእጅጉ የሚበዛው እሱ ነውና። የቲቢ መመርመሪያው ጂን ኤክስፐርት ባክቴሪያውን ሲያጣው ግን አንዳንዴ የቲቢ መድኃኒት በግምት ይጀመራል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን፣ ሻጋታውን የሚገድለውን ቮሪኮናዞል ጉበት ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል። ሪፋምፒሲኑ ከቆመም በኋላ ይህ ጠባዩ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል።

አክታ ላይ ሻጋታ መብቀሉም ማረጋገጫ አይሆንም፣ የአየር ቧንቧው ላይ ጉዳት ሳያደርስ ሊቀመጥ ይችላልና። ቁርጡ የሚታወቀው ከሳንባ ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ በታየ ናሙና ነው፤ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለ፣ ደሙም የማይረጋ ታካሚን ሳንባ በመርፌ መውጋት ግን ማን ይደፍራል? መካከለኛው መንገድ በብሮንኮስኮፒ ሳንባውን በጨው ውኃ አጥቦ፣ ከሻጋታው ግድግዳ የሚወጣውን ጋላክቶማናን በፈሳሹ ውስጥ መፈለግ ነው። ከደም መፈለጉ ይቀላል፤ ነጭ የደም ሴላቸው ባልወረደ የፅኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ያመልጣል።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል፣ ሪፈር ሲጻፍ ታካሚው ስቴሮይድ ወስዶ እንደሆነና የቲቢ መድኃኒት መቼ እንደጀመረ መስፈሩ ቀላል ነገር አይደለም። ከሪፋምፒሲን ጋር የማይጋጭ መድኃኒትም አለ፦ አምፎቴሪሲን ቢ። በመተማ በኩል፣ የጎጃም ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ በሚወርድበት ቆላ፣ ለአንዳንድ የካላ አዛር በሽተኞች የሚሰጠው እሱ ነው። ኩላሊት ስለሚጎዳ ግን እሱንም በግምት መስጠት ያስፈራል።