የትከሻ ምት (ራግቢ ሊግ)

የትከሻ ምት በራግቢ ሊግ ጨዋታ አንድ ተከላካይ ኳስ የያዘውን ተቀናቃኝ በእጁ ለመያዝ ሳይሞክር በትከሻው ወይም በላይኛው ክንዱ ሲገጨው የሚፈጸም ጥፋት ነው። በእንግሊዝኛ «ሾልደር ቻርጅ» ይባላል።

በየቡድኑ 13 ተጫዋቾች በሚሰለፉበት በዚህ ስፖርት ኳስ የያዘን ተጫዋች ይዞ መጣል የተፈቀደ ነው። ሲይዙት ትከሻ ቀድሞ ቢያርፍበትም ጥፋት አይሆንም፤ ዋናው መለያ እጅ ለመያዝ መዘርጋቱ ነው።

በአውስትራሊያ ድርጊቱ የተከለከለው ከ2013 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ጀምሮ ነው። ከውሳኔው በፊት የተካሄደው ጥናት የትከሻ ምት በ2012 ከተቆጠሩት ታክሎች 0.05 በመቶ ብቻ እንደነበረ፣ ከእነዚህ ውስጥ ግን 17 በመቶው የተቀናቃኙን ጭንቅላት እንደነካ አሳይቷል።

ክርክሩ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። እገዳውን የተቃወሙ ተጫዋቾችና ተመልካቾች ድርጊቱ እምብዛም የማያጋጥም የጨዋታው ድምቀት ስለሆነ ጭንቅላት የመታ ብቻ ይቀጣ ይላሉ። የሚደግፉት ደግሞ የሚሮጥ ሰው በቅጽበት ዝቅ ሊል ስለሚችል ደረት ላይ የታለመ ምት አገጭ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ጉዳት ከደረሰ በኋላ መቅጣትም አይበቃም ብለው ይከራከራሉ። በ2015 በኩዊንስላንድ አንድ ተጫዋች በዚህ ዓይነት ግጭት ተጎድቶ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ ቅጣቱ ተጠናክሯል።

ለዳኞች አሁንም አስቸጋሪ የሆነው ተከላካዩ ከግጭቱ በፊት እጁን ወደ ሰውነቱ ሲሰበስብ ነው፤ ራሱን ለመከላከል ይሁን ለመምታት በቅጽበት መለየት አይቻልም ማለት ይቻላል።