ኮምፒውተርን የሚቀሰቅሱት 512 ባይቶች

በሐራ፣ በመርሳ ወይም በወልድያ የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጥበት ኮምፒውተር አንድ ማለዳ ሲበራ በጥቁር ገጽ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ ቢያሳይ፣ ባለቤቱ መሣሪያው የሞተ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ የጎደለው የመነሻ ፕሮግራሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ፕሮግራም ቡት ሎደር ይባላል፤ እርሱን በራስ እጅ መጻፍም ኮምፒውተርን ከሥሩ ለማወቅ ይረዳል።

ኮምፒውተር ሲበራ በቅድሚያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ባዮስ ነው። ባዮስ መሣሪያውን ፈትሾ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነብባል፤ 31,744 ቁጥር ባለው የሜሞሪ አድራሻ ላይም ያኖረዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች 85 እና 170 ከሆኑ ሥራውን ያስረክበዋል። እርሱም ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን ይጠራል። ነገሩ በሀብሩ መስኖ የሚያለማ አርሶ አደር እንደሚያውቃት የቦይ መዝጊያ ነው፤ እርሷ ካልተከፈተች ውኃውም መሬቱም እያለ ሰብሉ ይጠማል።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ የድረ ገጽና የአንድሮይድ ፕሮግራሚንግን የመሳሰሉ ሥልጠናዎችን በነጻ ይሰጣል። እነዚህ የቤቱ ላይኛው ፎቅ ናቸው፤ ቡት ሎደር ደግሞ መሠረቱን ያሳያል። ለመጀመር ናዝም የተባለው የአሴምብሊ ቋንቋ ተርጓሚና በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራው ኪው ኢ ኤም ዩ ይበቃሉ። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ አንዴ ከተጫኑም ኢንተርኔት አይሹም።

የመጀመሪያው ልምምድ አንድ የላቲን ፊደል በስክሪን ላይ ማሳየት ነው። የፊደሉን ቁጥር በፕሮሰሰሩ ማስቀመጫ ውስጥ አኑሮ ባዮስን መጥራት በቂ ነው። «ሀ»ን ለማሳየት ግን ባዮስ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ቅርጹን ነጥብ በነጥብ መሣል ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም እያንዳንዱን ፊደል እንዲሁ በነጥብ ማሰናዳት ነበረባቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በነባሩ አሠራር ከ512ቱ ባይቶች 64ቱ የዲስኩ አከፋፈል የተመዘገበባቸው ናቸው። እነርሱ ከተደመሰሱ የሱቁ ሒሳብ በዲስኩ ላይ እያለ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሙከራው በኪው ኢ ኤም ዩ ውስጥ ይሁን፤ በእውነተኛ ማሽን ላይ ከሆነም ባዶ ፍላሽና ሰነድ የሌለበት አሮጌ ኮምፒውተር ይመረጥ። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ባዮስን በተካው ዩ ኢ ኤፍ አይ ስለሚነሡ ይህ ፕሮግራም ላይሠራባቸው ይችላል።

ይህ ዕውቀት ፕሮግራም ለማይጽፈውም ይጠቅማል። ጥቁር ገጽ ሲገጥም አስቀድሞ የተረሳ ፍላሽ ተሰክቶ እንደሆነ ማየት ይገባል። ባለሙያ ዘንድ ሲኬድም «ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት «ሰነዱ መቅዳት ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ የዓመታት መዝገብን ሊያድን ይችላል።