ጌም ሠሪ ለመቀጠር፦ ስቱዲዮው የሚገዛው ያለቀ ሥራ ነው

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት ለጨረሰ መንገደኛ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ደረቅ ወደቡና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ያለ መኪናና ያለ ወደብ ሥራቸው አይንቀሳቀስም። በዚያው ከተማ ግን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያስመርቃቸው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ምርታቸውን ጅቡቲ ድረስ መጫን አያስፈልጋቸውም። ከእነዚህም መካከል የባንክና የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ከማሳደድ ይልቅ የሞባይል ጌም ሠርቶ መኖር የሚሻ አይጠፋም። ለመሆኑ የዚህ ሙያ ገዢ ማነው? ሲገዛስ ምን አይቶ ነው?

ገዢው ጥቂት ነው። በአገራችን በዚህ ሥራ ስሙ ጎልቶ የሚጠራው በአቶ ዳዊት አብርሃምና በባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ነው። ድርጅቱ «ኩኩሉ» የተባለውን፣ ዶሮ ከገበሬ እጅ ለማምለጥ የምትሮጥበትን የሞባይል ጌም አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የአፕስ አፍሪካን ሽልማት አግኝቷል። ቀጥሎም አያት ቅድመ አያት የተጫወቱትን ገበታ ወደ ስልክ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አሥር ያህል የአፍሪካ ስቱዲዮዎች ተባብረው የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕን ሲመሠርቱ ቅኔ አንዱ ነበር። ከአንድ አህጉር አሥር ስቱዲዮ መሰባሰቡ እንደ ትልቅ ዜና መወራቱ ራሱ ገበያው ገና ጠባብ መሆኑን ይናገራል።

የስቱዲዮው ሒሳብ

ትንሽ ስቱዲዮ ሠራተኛ ሲቀጥር ለምን እንደሚፈራ ለማወቅ ሒሳቡን ማየት ይበቃል። ለማሳያ ያህል አራት ሠራተኞች ያሉትና ለእያንዳንዳቸው በወር 25 ሺህ ብር የሚከፍል ስቱዲዮ እንውሰድ። የወር ደመወዙ 100 ሺህ ብር ነው። ጌሙ አሥር ወር ቢፈጅ የቤት ኪራይ፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ሳይቆጠር 1 ሚሊዮን ብር ይወጣል፤ እስከዚያ ድረስ ከጌሙ የሚገባ አንዲት ሳንቲም የለም። ጌሙ ሲሸጥም ገበያው ኮሚሽኑን ይቆርጣል። ጉግል ፕሌይ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ተመን ከመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ዶላር የዓመት ገቢ ላይ 15 በመቶ ይወስዳል። በዚህ ተመን ቢሰላ ስቱዲዮው የደመወዙን ወጪ ብቻ ለመመለስ ወደ 1 ሚሊዮን 176 ሺህ ብር መሸጥ አለበት።

አሁን ከአራቱ አንዱ ሥራውን የማይችል ሆኖ ተገኘ እንበል። በሦስት ወር የወሰደው ደመወዝ 75 ሺህ ብር ነው። በእሱ ምክንያት ጌሙ ሁለት ወር ቢዘገይ ግን ሌሎቹም እየጠበቁ ስለሚከፈላቸው ስቱዲዮው 200 ሺህ ብር ይከስራል። ትልቅ ድርጅት ይህን ይችለዋል፤ ትንሹ ግን በሩን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የስቱዲዮው ባለቤት ከዲግሪው በፊት ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ «ጀምረህ የጨረስከው ምን አለ?» የእህል ነጋዴ ጆንያ አስፈትቶ እፍኝ ሳያይ ዋጋ እንደማይቆርጥ ሁሉ ማለት ነው።

ናሙናው ምን ይምሰል?

ለዚህ ገበያ ከአምስት የተጀመሩ ጌሞች አንድ ያለቀ ትንሽ ጌም ይበልጣል። ያለቀ ማለት ሦስት ደረጃ ብቻ ቢኖረውም መክፈቻና መዝጊያ፣ ድምፅና የነጥብ መዝገብ ያለው ነው። ስልክ ሲደወል የማይቋረጥ፣ በርካሽ ስልክም ላይ የማይንቀራፈፍ መሆን አለበት። የአማርኛው ጽሑፍም ሊፈተሽ ይገባል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም ተስማሚ ፎንት ካልተጫነ በጌሙ ውስጥ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ይህን አስቀድሞ ያስተካከለ አመልካች የአገሩን ተጫዋች እንደሚያውቅ አሳየ ማለት ነው።

መሣሪያው ውድ አይደለም። ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያና ብሌንደር የተባለው የሥዕል ፕሮግራም በነፃ ይገኛሉ፤ ዩኒቲም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ጀማሪዎች ነፃ ነው። በጉግል ፕሌይ ለማውጣት አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በተሻሻለው ደንብ መሠረት አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ጌሙን 12 ሞካሪዎች ለ14 ቀናት እንዲሞክሩለት ማድረግ አለበት። ለተማሪ ደግሞ 12 ሞካሪ ከዶርም አይታጣም። የዶላር ክፍያው ያስቸገረው ፋይሉን በቴሌግራም ለስቱዲዮው ቢልክም ያስኬዳል።

ናሙናው በቡድን የተሠራ ከሆነ አመልካቹ የራሱን ድርሻ ለይቶ መናገር አለበት። «ሠርተናል» ለትንሽ ስቱዲዮ መልስ አይሆንም፤ እዚያ አንድ ሰው የሁለት ሰው ሥራ ነውና የሚይዘው።

የኔትወርክ ነገር

ከኮምቦልቻ ሆኖ ለአዲስ አበባ ስቱዲዮ መሥራት ይቻላል፤ ሥጋቱን መደበቅ ግን አያዋጣም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆይተዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ስቱዲዮው ይህን ስለሚያውቅ «ችግር የለም» ከሚል አመልካች ይልቅ መላውን የሚናገር ይመርጣል። የሥራውን ሙሉ ቅጂ በእጁ ይዞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በየሳምንቱ የተወሰነ ርክክብ የሚያደርግ፣ መስመር ሲጠፋ ከየት ሆኖ እንደሚልክ አስቀድሞ የሚነጋገር ሰው ተመራጭ ነው።

ተቀጣሪውም ይጠይቅ

ውሉ የሁለት ወገን ነው። ባንክ ቤት የሚያገኘውን ደመወዝ ትቶ ወደ ስቱዲዮ የሚሄድ ወጣት ካዝናው ውስጥ የስንት ወር ደመወዝ እንዳለ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ይጠይቅ፤ ስቱዲዮው የሚኖረው ከራሱ ጌም ነው ወይስ በትእዛዝ ከሚሠራው? የትእዛዝ ሥራ ስም ባያስጠራም ደመወዝ ያስከፍላል። ለፈተና የሚሰጠው ሥራ ሁለትና ሦስት ቀን ቢፈጅ ተገቢ ነው፤ ሦስት ሳምንት ከፈጀ ግን ነፃ ጉልበት ይሆናል።

ሕጉንም ማወቅ ይበጃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ በቅጥር የተሠራ ሥራ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ አመልካቹ ከመቀጠሩ በፊት የሠራቸውን ጌሞች በዝርዝር ከውሉ ጋር ቢያያይዝ ኋላ ጭቅጭቅ ይቀርለታል። «ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ከሽያጩ ግን ትካፈላለህ» ሲባልም ድርሻው ከጠቅላላው ሽያጭ ይሁን ከትርፉ በጽሑፍ ይግባ። ትርፍ ከሌለ የትርፍ ድርሻም የለምና።

ለባለገንዘቡስ?

የስቱዲዮዎቹ ቁጥር ካልጨመረ የአመልካቾቹ ወረፋ አያጥርም። በካሜሩን ያውንዴ የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2015 ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ መድረክ ከ40 ሺህ ዩሮ በላይ ሰብስቦ በ2016 «ኦሪዮን» የተባለውን ጌም ለገበያ አቅርቧል። የደሴና የኮምቦልቻ ባለሀብትም ሒሳቡን ማስላት ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው 1 ሚሊዮን ብር የአንድ አይሱዙ መኪና ዋጋ አይሞላም። አይሱዙ ግን ሥራ ቢያጣ ይሸጣል፤ ባንክም በመያዣነት ይቀበለዋል። ያልተሸጠ ጌም ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ ባለገንዘቡ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ከማውጣት ይልቅ በመጀመሪያ የሁለት ወር ወጪ ሸፍኖ፣ ስልኩ ላይ ተጭኖ የሚሠራ ናሙና ቢያስረክቡት፣ ቀሪውን ለመጨመር ወይም ለመተው የሚያስችል መረጃ በእጁ ይገባል።