ወደ ሕክምና ትምህርት የሚያስገባው ፈተና የትኛው ነው?

«የሕክምና መግቢያ ፈተና መቼ ነው የሚሰጠው? የትኛውን መጽሐፍ እናንብብ?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቻችን በየጊዜው ይደርሰናል። ከጦርነቱ በፊት ካርቱም፣ ጀብራ ሠፈር፣ ማታ ማታ የሐበሻ ልጆችን ስናስጠናም ይኸው ነበር የምንጠየቀው። ጥያቄው ደግ ነው፤ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። በሱዳን ለሕክምና ተብሎ ለብቻው የሚሰጥ አገር አቀፍ ፈተና የለም። በሩ ራሱ ሸሃዳ ነው፤ ማለትም በሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ሁሉም የሚፈተነው የመልቀቂያ ፈተና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ውጤቱን በመቶኛ ከያዘ በኋላ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎችና የትምህርት ዓይነቶች በቅደም ተከተል ይመርጣል። የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የቅበላ ክፍል ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይመድባል። ስለዚህ «ለሕክምና ይህን ያህል ይበቃል» የሚባል የተቆረጠ ቁጥር የለም፤ በየዓመቱ እንደ ተወዳዳሪው ይለያያል። በ1924 እ.ኤ.አ. በኪችነር ስም የተከፈተውና ኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕክምና ትምህርት ቤት ግን በጣም ከፍ ያለ ውጤት እንደሚጠይቅ ሁሉም ያውቃል። እንደ ኦምዱርማኑ አሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ያሉ የግል ተቋማትም ሕክምና ያስተምራሉ፤ እዚያ ደግሞ ክፍያው አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሳይንስ ተማሪው የሚፈተነው ሰባት ትምህርት ነው፤ ዐረብኛ፣ የሃይማኖት ትምህርት (እስላማዊ ወይም ክርስቲያናዊ)፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ። ልጆቻችን ፊዚክስና ባዮሎጂ ላይ ይተኛሉ፣ ዐረብኛውንና ሃይማኖቱን «ለማለፍ ያህል» ብለው ይተውታል። እስቲ እናስላው። አንዲት ተማሪ በአምስቱ ትምህርት 95፣ 95 አመጣች እንበል። በዐረብኛ 70፣ በሃይማኖት 75 አገኘች። ድምሩ 620 ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 88.6 ገደማ ይሆናል። ጎበዝ ናት፣ ሕክምና ግን ሊያመልጣት ይችላል! የሚያመልጣትም በሳይንስ አይደለም።

ቋንቋው እዚህ ብቻ አያበቃም። ሳይንሱም የሚጠየቀው በዐረብኛ ነው። ከኢትዮጵያ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል አቋርጦ የመጣ ልጅ ሴልን ያውቃል፤ «ኸሊያ» ሲባል ግን ዝም ይላል። ፎርስን ያውቃል፤ «ቁዋ» ሲሉት ይደነግጣል። ሒሳብ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፣ በኤክስና በዋይ ፋንታ የዐረብኛ ፊደል ይገባል። ቁጥሮቹም ያታልላሉ፤ የእነሱ አምስት ክብ ስለሆነች የእኛን ዜሮ ትመስላለች፣ ዜሮአቸው ነጥብ ብቻ ናት፣ ስድስታቸው ደግሞ ቁርጥ የእኛን 7። ጀብራ ሳለን መልሱን በቃሉ በትክክል የሚነግረን፣ ወረቀት ላይ ግን የሚሳሳት ተማሪ ሞልቶ ነበር።

እኛ የያዝነው ዘዴ ቀላል ነው። ደብተር በሦስት ዓምድ ይሰመራል፤ አንዱ እንግሊዝኛ፣ አንዱ ዐረብኛ፣ አንዱ የአማርኛ ማብራሪያ። በየቀኑ አሥር ቃል ቢገባ በዓመት የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ቃላት አብዛኛው ይያዛል። ከዚያ ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ሰዓት ይዞ፣ በእጅ እየጻፉ መሥራት ነው። ይህ የምንለው የሸሃዳ ፈተና ጽሑፍና ስሌት ስለሚጠይቅ ነው፤ እንደ ኢትዮጵያው 12ኛ ክፍል ምርጫ ማጥቆር ብቻ አይደለም። መምህራንም እርማት ላይ «ገብቶታል» ብለን ነጥብ አንስጥ፤ የሸሃዳ አራሚ የሚያየው የተጻፈውን ነው።

የሚገርመው ሕክምና ከተገባ በኋላ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። በሩ ዐረብኛ፣ ቤቱ እንግሊዝኛ እንደማለት። ስለዚህ ዐረብኛ ለመያዝ ብሎ እንግሊዝኛውን የጣለ ተማሪ ኋላ ይቸገራል።

ታዲያ የመግቢያ ፈተና የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከአገር ቤት ሳይሆን አይቀርም። በ2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጀመረችው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም ዲግሪ ያላቸው የሳይንስ ምሩቃን ለብቻው ተፈትነው ይገቡ ነበር። ለሌላው ተማሪ ግን እዚያም የመጀመሪያው በር የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። እሱም ቀላል አይደለም፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4። ያንን ውጤት ይዞ ሱዳን የመጣ ሰው በውጭ አገር ምስክር ወረቀት መስመር ይስተናገዳል፤ ወረቀቱ መረጋገጥ ስላለበት ዋናውን አይጣል፣ ላሚኔትም አያስደርግ።

ዝግጅቱ በሦስተኛው ዓመት ይጀመራል የሚል ካለ ዘግይቷል። ከፈተናው አስቀድሞ የሳይንስና የሥነ ጽሑፍ መስመር ይለያል። ሳይንስ ውስጥም ባዮሎጂን ትቶ የምህንድስና ሳይንስ የወሰደ ለሕክምና አይሆንም። ጓደኛ ስለመረጠ ብቻ ተከትሎ የሚመርጥ አለና መምህራን በዚያ ሰዓት ልጆቹን ጠርተን እናነጋግር።

የስም ነገርም አለ። ሱዳን ውስጥ ስም እስከ ቅድመ አያት አራት ነው፣ የእኛ ሦስት። የስደተኛ ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ ሸሃዳው ሲወጣ ጣጣ ያመጣል። «ገብረ» እና «ወልደ» የሚሉ ስሞች በዐረብኛ ሲጻፉ በየቢሮው ይለያያሉ። ለፈተና ከመመዝገብ በፊት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የዚያ ዓመት ሸሃዳ ቀረ፤ የተሰጠው በታኅሣሥ መጨረሻ 2024 ነው። ዓመት ተኩል ያህል መጠበቅ ማለት ነው። ጀብራም ተበተነ፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎችም ከተማውን ለቅቀው በሌላ ቦታና በኢንተርኔት ለማስተማር ተገደዱ። ስለዚህ የምዝገባ ቀንና የፈተና ጣቢያ በወሬ አትመኑ፤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍና በዩኤንኤችሲአር በኩል የሚሰጠው ዳፊ የሚባለው የስደተኞች ስኮላርሺፕ አለ። ሕክምና ረጅም ትምህርት ነውና ስንት ዓመት እንደሚሸፍን ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ ጀምረን በመንገድ የቀረን ሰዎች ስለሆንን ይህን ደጋግመን እንላለን። በምርጫው ቅጽ ላይም ከሕክምና ቀጥሎ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪና ነርስነት ይግቡ፤ ቦታውን ባዶ አትተዉ።