የኬላ ቀረጥና ገንዘብ ማሠራት ለመኳንንት ኃይል ስለ መሆኑ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ከቡሬ ሲደርስ መንገዱ ሁለት ይሆንበታል፤ አንዱ በዳንግላ በኩል ወደ ጣና፥ ሁለተኛው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ ይወስደዋል። የጥንቱ ነጋዴም በዚህ አገር ያልፍ ስለ ነበረ፥ ቡሬ ስሟ የታወቀ ገበያ ሆና ኖራለች። ከዓባይ ማዶ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ቡና፥ እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታም ባሪያ ይመጣ ነበር፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርድ ነበር።

የጎጃም ገበሬ ለጌታው ያገባ የነበረው ግብር እህልና ማር ነበር፤ ይህም በግብር አዳራሽ ተበልቶና ተጠጥቶ ያልቅ ነበር። ኬላው ግን አሞሌና ጠገራ ብር ይሰጥ ነበር፤ በጠገራ ብርም ጠመንጃ ይገዛ ነበር። ስለዚህ የዓባይን መሻገሪያና የገበያውን በር የያዘ መኰንን፥ መሬት ብቻ ካለው መኰንን ይበልጥ ነበር። ደጃዝማች አዳል ተሰማ ራስ ተብለው፥ በ1873 ዓመተ ምሕረትም ከዐፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ተቀብለው ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ተክለ ሃይማኖት በተባሉ ጊዜ፥ የከፋ ስም መጨመሩ ለክብር ብቻ አልነበረም፤ ከዓባይ ማዶ ያለውን የንግድ አገር የሚመለከት ነበረ። በ1874 ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር በእምባቦ የተዋጉትም ስለዚሁ አገር ነው፤ ድል ሆነው ቆስለው ተማረኩ።

በጀርመን አገርም መሳፍንቱ የበረቱት በዚህ መንገድ ነው፤ ነገር ግን እነርሱ አንድ ነገር ጨምረው አገኙ። ንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ ሁለተኛ የልጁ ደጋፊ እንዲሆኑለት ሲል በ1220 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለጳጳሳቱ፥ በ1232ም ለሌሎቹ መሳፍንት፥ በግዛታቸው አዲስ ኬላና አዲስ የገንዘብ ማሠሪያ ያለ ፈቃዳቸው እንዳያቆም ቃል ሰጠ። በ1356ም ንጉሠ ነገሥት ካርል አራተኛ ባወጣው የወርቅ ማኅተም ሕግ፥ ሰባቱ መራጮች ቀረጡንና ገንዘብ ማሠራቱን አጸኑ። በራይን ወንዝ የሚወርድ ጀልባ ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው ሲደርስ ይቀረጥ ነበር፤ ኪሱ ያለው ገንዘብም የመስፍኑ ምስል ያለበት ነበር።

የጎጃም ንጉሥ ግን ኬላ እንጂ የገንዘብ ማሠሪያ አልነበራቸውም። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ፥ ጠገራው ከኦስትሪያ ይመጣ ነበር፤ የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ብር፥ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ ይሠራ ነበር። ገዢው ሰው አክሊሏንና የትከሻዋን ጌጥ ነጥቦች ሳይቈጥር አይቀበልም ነበር። በስሙ ገንዘብ ለማሠራት ቈርጦ የተነሣው ዐፄ ምኒልክ ነው፤ በ1885 ዐዋጅ አወጣ፥ ፊቱና አንበሳው ያለበትም ብር በፓሪስ ተሠርቶ 1887 የሚል ዓመት ተጽፎበት መጣ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዐረፉ፤ ልጃቸው ራስ ኃይሉም ቀረጡንና ግብሩን አጥብቀው ሲሰበስቡ ቆይተው በ1924 ተሻሩ፤ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ።

ሕዝቡ ግን ማርያ ቴሬዛን ቶሎ አልተወም። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሐምሌ 16 ቀን 1937 እስኪወጣ ድረስ ጠገራው በገበያ ይዞር ነበር፤ ብዙው ወደ ብር ሠሪ ቤት ገብቶ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆኖ ወጣ።