ያውቁ ኖሯል? ሕዋስን የማይገድለው ሌዘር

(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሌዘር ብረት እንደሚቆርጥ ያውቃሉ። በሕይወት ያለ ሕዋስ ሥራ ላይ እያለ፣ ሳይገድለው እንደሚከታተልስ?

ምስጢሩ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አርተር አሽኪን ባክቴሪያዎችን በአረንጓዴ ሌዘር አጥምደው ሲይዙ ሞቱባቸው። ብርሃኑን ለዓይን ወደማይታየው ኢንፍራሬድ ሲለውጡት ግን ባክቴሪያዎቹ እዚያው እንደተያዙ መባዛት ጀመሩ። ውጤቱ የታተመው በ1987 ሲሆን፣ የኖቤል ሽልማት የደረሳቸው በ2018፣ በ96 ዓመታቸው ነው።

ከዚህም የዘገየ አለ። የፊዚክስ ሊቋ ማሪያ ጎፐርት ማየር አንድ ሞለኪውል ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን (ፎቶኖችን) በአንድ ቅጽበት ሊውጥ እንደሚችል በወረቀት ላይ አስልተው በ1931 አሳተሙ። በሙከራ የታየው ሌዘር ከተሠራ ከዓመት በኋላ፣ በ1961 ነው። በ1990 ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማይክሮስኮፕ ሠሩበት። ሁለቱ ፎቶኖች የሚገጣጠሙት ጨረሩ በጠበበባት ነጥብ ላይ ስለሆነ የምትፈካው እሷ ብቻ ናት፤ ከላይና ከታች ያለው ይተርፋል። ሌዘሩም በሰከንድ 80 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንዷ ብልጭታ የምትቆየው ለሰከንድ አሥር ትሪሊዮንኛ ገደማ ነው። በመካከሉ ጨለማው ስለሚበዛ አማካይ ኃይሉ ዝቅተኛ ነው።

በዚህ ማይክሮስኮፕ የአይጥ አንጎል ሥራ ላይ እያለ ይታያል፤ እስከ 1 ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት። የነርቭ ሕዋስ መልእክት ሲያስተላልፍ ካልሲየም ይገባበታል፤ ያኔ በዘረ መል ለውጥ የገባበት፣ ከጄሊፊሽ ተወስዶ የተሻሻለ ፕሮቲን አረንጓዴ ቦግ ይላል። ሐቁን ለመናገር ግን የማይነካው ሕዋሱ እንጂ አይጧ አይደለችም፤ ራስ ቅሏ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት ይገጠምባታል።

ቀለም ሳይጨመር፣ ዘረ መል ሳይለወጥም ይቻላል። ሕዋስ ከምግብ ጉልበት ሲያወጣ የሚጠቀምበት ኤንኤዲኤች የተባለ ሞለኪውል በተፈጥሮው ሰማያዊ ፍካት አለው፤ ኤሌክትሮኖቹን ሲያስረክብ ፍካቱ ይጠፋል። የፍካቱን መጨመርና መቀነስ ያየ፣ ሕዋሱ ጉልበት እንዴት እያመረተ እንደሆነ ያውቃል። ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ይህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን ሞለኪውሎች የብርሃንን ቀለም በጥቂቱ እንደሚለውጡ በ1928 ሲደርሱበት የተጠቀሙት የፀሐይ ብርሃን ነበር። ዛሬ በሌዘር፣ በዚያው ዘዴ፣ የሕዋስ ስብና ፕሮቲን ይለያል።

በአገራችን ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች የሚደረገው የሲዲ4 (የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት) ቆጠራም ከሌዘር ጋር ይገናኛል፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ውስጥ ቀለም የተነከሩት የደም ሕዋሳት አንድ በአንድ ተሰልፈው በጨረሩ ፊት ያልፋሉ።