ቅድሚያ ከታች ላለው

የበረዶ ሸርተቴ ቁልቁለት የትራፊክ መብራት የለውም። መሐል መስመርም አልተሰመረበትም። ገና መቆም የለመደ ሕፃን ከአስተማሪው ኋላ ኋላ ይላል፤ ከጎኑ አንዱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገ ያልፋል። ይህ ሁሉ ሰው ሳይላተም የሚውለው በዋናነት በአንድ ደንብ ነው፦ ቅድሚያው ከታች ላለው ሰው ነው።

ደንቡ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን (ፊስ) እ.ኤ.አ. በ1967 ካጸደቃቸው የቁልቁለት ሕጎች አንዱ ነው። ዛሬ አሥር ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚንሸራተት ሰው ዓይኑ ቁልቁል ስለሆነ ከጀርባው የሚመጣውን አያይም፤ ከላይ ያለው ግን ሁሉንም ያያል። ስለዚህ ፍጥነት መቀነሱም፣ አቅጣጫ መምረጡም፣ ሲቀድም ሰፋ ያለ ርቀት መተዉም የላይኛው ዕዳ ነው። «ድንገት ታጠፈብኝ» ማለት አያዋጣም፤ ጀማሪ መታጠፉ አይቀርም።

ተዋናይቷ ግዊኔት ፓልትሮው እ.ኤ.አ. በ2016 በዩታ ግዛት፣ ዲር ቫሊ ውስጥ ከአንድ ጡረተኛ ጋር ተጋጭታ ነበር። ሰውየው ከ300,000 ዶላር በላይ ካሳ ጠየቀ፤ እሷም በአንድ ዶላር መልሳ ከሰሰችው። በ2023 ጉዳዩ ችሎት ሲቀርብ ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነበር፦ ከላይ የነበረው ማን ነው? ጁሪው ጥፋቱን በሙሉ በሰውየው ላይ አድርጎ አንዷን ዶላር ፈረደላት።

ይሁን እንጂ ከታች መሆን ሁሉን አያስፈቅድም። ወደ ቁልቁለት የሚገባ፣ ቆሞ የሚነሣ ወይም ሽቅብ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ላይና ታች ማየት አለበት። የጀርመኗ ቱሪንጊያ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዲተር አልትሃውስ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ኦስትሪያ ውስጥ፣ ሁለት ቁልቁለቶች በሚገናኙበት ቦታ ከአንዲት ሴት ጋር ተጋጩ። ሴትየዋ ሞተች፤ እሳቸውም ክፉኛ ቆሰሉ። ወደ ሌላኛው ቁልቁለት የገቡት ከወራጁ በተቃራኒ አቅጣጫ ነበርና ፍርድ ቤቱ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎ 33,300 ዩሮ ቀጣቸው። የፊስ ደንብ በፓርላማ የወጣ ሕግ አይደለም፤ የአልፕስ አገሮች ዳኞች ግን ጥንቃቄን የሚመዝኑት በእሱ ነው።

በየቀኑ የሚጣሰው ግን የአቋቋም ደንቡ ሳይሆን አይቀርም። ጓደኛሞች ከጉብታ ሥር ተሰብስበው ፎቶ ይነሣሉ፤ ከላይ የሚመጣው የሚያያቸው ጉብታውን ካለፈ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማቆሚያ ጊዜ የለውም። መቆም የፈለገ ዳር ይውጣ፣ ከሩቅም የሚታይ ይሁን። የወደቀም ቶሎ ቦታውን ይልቀቅ።

መነሣት ካልቻለ ሌሎች ይደርሱለታል። ከተጎጂው በላይ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሁለት ስኪ አጣምሮ በረዶው ላይ መትከል «ከዚህ ራቁ» ማለት ነው። ነፍስ አድን ሠራተኞች ይጠራሉ። የተጋጩትም ሆኑ ያዩ ስማቸውን ሳይሰጡ መሄድ የለባቸውም።

ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ የሆነበት የአገር አቋራጭ ስኪ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። እዚያ ዳገት የሚወጣውና ቁልቁል የሚወርደው በአንድ መስመር ይገናኛሉ። ያን ጊዜ መንገድ የሚለቀው ከታች የሚመጣው ነው፤ የሚወርደው እንደልቡ መቆም አይችልምና።